በገጽ አርባ ላይ የተገኘ ስህተት

እንግሊዞች የሒሳብ መጽሐፍን በላቲን መጻፍ ትተው በገዛ ቋንቋቸው ማሳተም በጀመሩበት ዘመን፣ መምህር አምብሮዝ የሚባል አንድ ኩራተኛ ለንደን ውስጥ የሒሳብ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። የብረት ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ ገጹን የሚደረድርለት ፊደል ለቃሚ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ፣ ጣቱ በቀለም የጠቆረ ሰው ነው።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል መምህሩ ሥራውን የሚያበረክትላቸውን መስፍን ይዞ ማተሚያ ቤቱ ከች አለ። በፊታቸው ሊንጎራደድ ፈልጎ፣

«ስማ አንተ!» አለው ለቃሚውን። «የታተመውን ከእጅ ጽሑፌ ጋር አስተያይ። ከጻፍኩት ውልፍት ያልክበትን ሁሉ የአንተ ስህተት መሆኑን ገልጸህ በመጨረሻው ገጽ ላይ አትም። አንዲት እንኳ ብትገኝ እንጀራህ ተቆረጠ!»

ሰውዬው ክው አለ። አውቆ የለወጣት አንዲት ቦታ ነበረችው፤ ያውም ለመምህሩ ክብር አዝኖ ነው በዝምታ ያለፋት። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ፊደሉን ለቀመ፣ ቀለም ቀባ፣ አተመና ወረቀቱን ለመስፍኑ ሰጠ። መስፍኑም ጮክ ብለው አነበቡት፦

«በገጽ አርባ፣ መምህር አምብሮዝ ‹ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ነው› ብለው የጻፉትን፣ ፊደል ለቃሚው ተሳስቶ ሃምሳ ስድስት አድርጎታል። አንባቢ ሆይ፣ እንደ መምህሩ አድርገህ አርመው።»

መስፍኑ ቀና ብለው መምህሩን አዩት። መምህሩ ጣሪያውን ያያል።

ለቃሚው እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ «ልሂድ ጌታዬ» አለው መምህሩን፣ «ወይስ ሃምሳ ስድስቷን ይቅር ይሉኛል?»