ፊቱ ወደ ቤቱ የነበረው እንግዳ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሲስተር ደብሪቱ፣ የትርንጎን ቁስል በፋሻ እየሸፈኑ።

ትርንጎ የጠየቀቻቸው ሌላ ነበር። «ልጄ ማህፀኔን ለምን ጠላው?» ነበር ያለችው።

ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጽንሱ ማህፀኗ ሳይደርስ፣ ወደዚያ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ቀርቶ፣ እዚያው አድጎ አፈነዳው። ዶክተሩ ቱቦውን ቀድሞውኑ ቲቢ በልቶት እንደነበር ነገራት። ከአራት ዓመት በፊት ያስላት ነበርና የቲቢ ክኒን ጀምራ ነበር። ሳሉ በሁለተኛው ወር ሲቆም ክኒኑን ተወችው። አማቷ ትናንት በር ላይ ቆመው «የአንቺ ማህፀን ልጅ አይወድም» ብለዋት ሄዱ።

ሲስተር ደብሪቱ ቀጠሉ። «ሰውየው ገበሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው እንግዳ ሊመጣለት ነው። መደብ ሠራ፣ አነጠፈ፣ በግ አሰረ። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት ነበር። በአገሩ ልማድ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ዓይኑ እስከደረሰበት ድረስ መንገዱን ያበጃል። አበጀ። ድንጋይ ለቀመ፣ ጉድጓድ ደፈነ። ያየው ሁሉ መረቀው። ከጉብታው ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ከደጅ አትታይም። ጎርፉ እሷንም ከሥሯ በልቷት ነበር።

«እንግዳው መጣ። ጠባቧ ላይ ሲደርስ መንገዱ አላሳልፍ አለው። መመለስ አያውቅም። ጓዙን አወረደና እዚያው ተቀመጠ። መሬቷ አልቻለችውም። ተናደች።

«ገበሬው ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። በጉ ይጮኻል። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ‹ምነው፣ እንግዳህ መንገድ ላይ ካንተ የተሻለ ቤት አገኘ እንዴ?› አለው። ሰው ሳቀ። ገበሬው ገባ። ዶማ አነሳ። ‹የጠላው ይሄን ነው› እያለ መደቡን አፈረሰው።

«በማግስቱ እንጨት ለቃሚ ሴት ከገደሉ ወጣች። ‹አንተ ሰው፣ እንግዳህን አገኘሁት› አለችው። ‹ሞቷል። ፊቱ ወደ ቤትህ ነበር።›»

ሲስተር ደብሪቱ የፋሻውን ጫፍ በመቀስ ቆረጡ። ትርንጎ ጣሪያውን ታያለች።

«ታዲያ የገደለው ገበሬው ነው?»

«ዓይኑ እስከደረሰበት አበጀ። አንቺም ሳልሽ ሲቆም የዳንሽ መሰለሽ። ጥፋት አይደለም ብዬ አልዋሽሽም፣ ልጄ። ጥላቻ ግን አይደለም። ልጅሽ ማህፀንሽን አልናቀም። ወደሱ እየመጣ ነበር። መደብሽን አታፍርሺ።»

«የቀረው ቱቦዬስ? በዚያ ሌላ ይመጣል?»

ሲስተር ደብሪቱ መቀሱን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ።

«ጎርፉ በዚያም አልፏል።»

ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሲስተር ደብሪቱ እጇን ፈልገው መዳፏ ላይ የጠዋቱን ክኒን አኖሩ።

«ይሄ መንገድ ይመልስልኛል?»

«አይመልስም።»

«ታዲያ ለምኔ?»

«ጎርፉ ገና አልቆመም፣ ልጄ። ቤቱ አንቺ ነሽ። ስድስት ወር ሙሉ፣ የዳንሽ ቢመስልሽም፣ ትውጫለሽ።»

ውኃውን አቀበሏት። ትርንጎ ፊቷን ከግድግዳው መልሳ ክኒኑን ዋጠች።