ቁንጥር እምነት

አንድ የቤተ ክርስቲያን በር ጠባቂ ነበረ። ልጄ፣ አንተ ዛሬ የጠየቅኸኝን እሱም በተሾመ ሰሞን አባቶችን ጠይቆ ነበር፤ «ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣን ሰው፣ አትንካ ብዬ እንዴት አሳዝነዋለሁ?» ብሎ። የመለሱለትን ግን አልሰማም። አንተ ቁጭ በልና ስማኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ጣራውን የያዙት አራት ዓምዶች ናቸው። በሴቶች በኩል ያለው ዓምድ ይፈውሳል ይባል ነበርና፣ የመጣው ሁሉ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ዱቄቱን በነጠላው ጫፍ ይቋጥራል። እምነት ነው የሚሉት፤ ግንባር ይቀቡበታል፣ ለታመመም በጥብጠው ያጠጡታል። ጠባቂው እንዳንተ ሆደ ቡቡ ነበር። «ቁንጥር ብቻ» ይልና ፊቱን ያዞራል። የገዛ ሴት ልጁም በሕፃንነቷ ታማ ያንኑ ጠጥታ ድናለች፤ ታዲያ በምን አፉ ይከልክል? ጥፍሩ በቁልፍ ተተካ፣ ቁልፉ በቢላ። የመኪና መንገድ ሲገባማ በአንድ ቀን የሚመጣው ሕዝብ ድሮ በዓመት ከሚመጣው በለጠ። ዓምዱም ወገቡ ላይ እየቀጠነ ሄደ።

አንድ ማለዳ ሲጠርግ ከዓምዱ ሥር ዱቄት አገኘ። በሩ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ የፋቀ ሰው የለም። ጠረገው። በማግስቱም አገኘ። ጆሮውን ወደ ድንጋዩ ቢያስጠጋ ውስጡ ቀስ እያለ ይፈጫል። ለማን ይናገር? «ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትጠብቅ ኖርክ?» ይሉታል። ስለዚህ ዱቄቱ የሚወርድበትን ስንጥቅ በጭቃ መረገና መጋረጃ ጋረደበት። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላለት አለ፤ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ቀና ብሎ ጣራውን ያያል።

የንግሥ በዓል ደረሰ። ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞላ። ያቺ የዳነችው ልጁ አድጋ፣ አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መጥታለች፤ መቆም ቢያቅታት ያንን ዓምድ ተደገፈች። ከበሮው ተመታ፣ ሽብሸባው ደራ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። አባት በልጁ ነጠላ ላይ ዱቄት ሲወርድ አየ።

ያን ጊዜ እፍረቱን ጣለው። ዘሎ ገብቶ ከበሮውን በሁለት እጁ አፈነና፣ «ውጡ! ዓምዱን ፍቀን ጨርሰነዋል፣ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። አበደ ያሉም ነበሩ፤ ፊቱን ያየ ግን ሁሉም እየተጋፋ ወጣ። ልጁ ብቻ መጋረጃውን ገልጣ፣ ጎንበስ ብላ ትፍቃለች።

«ተዪው! ነይ ውጪ!» አላት።

«ለሚወለደው ነው፣ አባዬ፤ ቁንጥር ብቻ። ለባዕድ ስትፈቅድ ኖረህ ለእኔ ትከለክላለህ?»

እጇን ይዞ እየጎተተ ሲያወጣት ጣራው ከኋላቸው ወረደ። ሰው አልሞተም። አቧራው ሳይበርድ ግን ሕዝቡ እየሮጠ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰ፤ ሊቆነጥር። ጠባቂውም በሌለ በር ላይ ክንዱን ዘርግቶ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አትንኩ!» ይል ጀመር። የሰማው የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ጠባቂ አንተ ነህ። ዓምዱም እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሥዕል የለበሰው ግድግዳችን ነው፤ ሰው ሁሉ ሲዳስሰው የቅዱሳኑ ፊት ጠፍቶ ዓይናቸው ብቻ እንደቀረ አንተም አይተሃል። ቁልፉን ስንሰጥህ እምነት ጣልንብህ እንጂ ቆንጥረህ አድለው አላልንህም። እኔ ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም። ዛሬውኑ ከግድግዳው ፊት ገመድ ዘርጋ፤ ሕዝቡንም ጥቂት ጥቂት እያደረግህ አስገባ። ያለቀሰ ያልቅስ፣ የረገመህም ይርገምህ። ዛሬ ያዘነብህ እንግዳ ለከርሞ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚገባበት ቤት ይኑረው።