ለማን እንደሆነ የማይጠየቅ ቁራሽ

በኛ መንደር በቀጭን ውሃ፣ ልጅ ወደ መሶብ ሲቀርብ እጁን ይታጠባል፣ ትልቅ ሰው እስኪጀምር ይጠብቃል፣ ከዚያ ሳይቀምስ አንድ ቁራሽ አንስቶ ከመሶቡ ዳር ለብቻ ያስቀምጣል። ቤተሰቡ አንድ ሳይቀር ተሰብስቦ ቢሆንም ያስቀምጣል። እንግዳም ቁራሹን አይቶ ለማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የጠየቀ እንደሆነ እጁን አስታጥበው ይሸኙታል እንጂ ዳግመኛ ከዚያ ቤት አይበላም። ነገሩ የመጣው ከዳምጠው ቤት ነው ይባላል። እኔም ከአባቴ የሰማሁት እንዲሁ ነው።

ዳምጠው፣ እንደሚነገረው፣ ልጁን አንጓችን በገበታ ሥርዓት አጥብቆ ያሳደገ ሰው ነበር። ከሰው ፊት አትቁረሺ፣ አፍሽ ሞልቶ አታውሪ ይላታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከቤቱ ሰው የጎደለ እንደሆነ የሱን ሳታነሺ እንዳትቀምሺ ይላት ነበር።

በአንድ ዓመት የአገሩ ገዥ ጭፍራ የዳምጠውን ታናሽ ወንድም የሽባባውን በሬ በጉልበት ሊነዳ ቢመጣ፣ ሽባባው በዱላ መትቶ ጣለውና ሸሸ። ከተያዘ ስቅላት ነው ተብሎ በገበያ ተነገረ። ዳምጠው ወንድሙን ጓዳ ካለው ባዶ የእህል ጎታ ውስጥ ሸሸገው፤ አንጓች የምታነሳለትንም ቁራሽ እናቷ ታደርስለት ጀመር። ልጅቱ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የአጎትሽን ስም ለማንም እንዳታነሺ ቢሏት እሺ አለች።

በሦስተኛው ቀን ፈንቴ መጣ። ፈንቴ ለዳምጠው አበልጁ ነው፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳለት ዳምጠው ነውና ማንም አልጠረጠረውም፣ ምሳ ቀረበ። አንጓች እጇን ታጠበች፣ አባቷ እስኪጀምር ጠበቀች፣ ከዚያ አንድ ቁራሽ ሽሮ አስነክታ ከመሶቡ ዳር አስቀመጠች። አፏን አስጠንቅቀው ነበር፤ እጇን ያሰበው የለም።

ፈንቴ ሳቀ ይላሉ።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት፣ እሜቴ?»

ልጅቱ አባቷን አየች። ዳምጠው ቶሎ ብሎ የውሻው ናት አለ።

«ተው እንጂ አበልጄ። አንተ ያሳደግካት ልጅ ከሰው አስቀድማ ለውሻ ታነሳለች?»

አንጓች የተነቀፈች መስሏት አቀረቀረች። ፈንቴም አንድ ጉርሻ አጉርሷት፣ ደህና አድርገህ አሳድገሃታል ብሎ አባቷን አመስግኖ፣ ቤቱን መርቆ ወጣ።

በማግስቱ ጭፍሮቹን እየመራ ተመለሰ። ዳምጠው ከሩቅ ሲያየው ሊያማልድለት የመጣ መስሎት ወንበር እንዲወጣለት አዞ ነበር ይባላል። ፈንቴ ግን ቀና ብሎ ሳያየው አልፎት ወደሚያውቀው ጓዳ ገባና ጎታውን በዘንጉ አንኳኳው። ሽባባው ታስሮ ወጣ። በሬው ለፈንቴ ተሰጠ።

ዳምጠው አበልጁን ትቶ በልጁ ላይ ዱላ አነሳ። ሽባባው እጁ የኋሊት እንደታሰረ ዘወር ብሎ ሲናገረው ዱላው ከዳምጠው እጅ ወደቀ። ወንድሙን ከዚያ በኋላ አላየውም።

ልጅቱን ግን የለመደችውን አልከለከላትም። ሰው ቢጎድልም ባይጎድልም በየገበታው አንሺ አላት። ጎረቤትም ነገሩ ሲገባው ልጆቹን እንዲሁ አስለመደ፤ በሁሉ ቤት ቁራሽ ካለ የማንም ቤት ቁራሽ በማንም ላይ አያሳብቅማ። የፈንቴ ዘሮች ዛሬም ከኛው ጋር ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ያነሳሉ።

በቀጭን ውሃ ልጅ በገበታ ላይ ቢያጠፋ አባት ይቆጣል እንጂ ዱላ አያነሳም። ሊያነሳ የቃጣ እንደሆነ ከሽማግሌ አንዱ፣ ሽባባው ለዳምጠው በመጨረሻ የተናገረውን ይነግረዋል።

«ልጅቱን እንዳትነካት ወንድሜ። ያስተማርካትን ነው ያደረገች፤ እኔም ሦስት ቀን ያደርኩት በሷ ቁራሽ ነው።»