ፍልፈሎችና የምድር መሠረት

ተረት ተረት፤ የፍልፈል ቤት።

ፍልፈሎች ምድር በምን ላይ እንደተቀመጠች ለማወቅ ከጥንት ጀምሮ አንድ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ላዩ ለስላሳ አፈር ስለነበር ቅድመ አያቶቻቸው በአንድ ጠዋት ሃያ ክንድ ይወርዱ ነበር። ደንቡ ታዲያ፣ አዲስ ቆፋሪ በየመታጠፊያው ቆሞ እዚያ የቆፈረውን አያት ሳያወድስ ማለፍ አይችልም።

ጥፍሩ ዶማ የሚያስንቅ አንድ ጎረምሳ ፍልፈል፣ መሠረቱን ሳልነካ አልሞትም ብሎ ገባ። እያወደሰ ወረደ፣ እየወረደ አወደሰ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጢሙ ሸብቶ ጥፍሩ አልቆ ነበር። አንዴ ቢቧጥጥ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጠጠር ተፈነቀለችለት፤ ደከመውና እዚያው ቁጭ አለ።

የመሬት ትል ከጎን ብቅ ብላ፣ «አያ ፍልፈል፣ በእኔ በኩል አፈሩ ቅቤ ነው፤ ለምን በዚህ አይሞክሩም?» አለችው።

«በዚያ ማን ቆፍሮ ያውቃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማንን ላወድስ ነው?» አላት ተቆጥቶ።

ይህ ቃሉ እስከ ጉድጓዱ አፍ ሲሰማ፣ የፍልፈል ሽማግሌዎች በኩራት አለቀሱ። ጠጠሯ የተነሣችበትን ቦታ አዲስ መታጠፊያ ብለው ሰየሙ፤ ሦስት ቀን የሚፈጅ ውዳሴም ገጠሙለት።

ከዚያ ወዲህ ከዚያች ጠጠር ያለፈ ፍልፈል የለም።

ተረቴን መልሱ፣ የአፌን አፈር አብሱ።