ጃርትና የዘገየው ሽማግሌ

ተረት ተረት። «የላም በረት» አላችሁ? እንግዲያውስ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ በሉና ስሙኝ።

ሲናደድ እሾሁ ቀጥ ብሎ የሚቆም አንድ ጃርት ነበረ። አንድ ቀን ለክረምት ያስቀመጠውን ስኳር ድንች ጦጣ ሙልጭ አድርጋ በላችበት። ጃርትም «ከእንግዲህ ከእሷ ጋር አንድ አገር አልኖርም» ብሎ፣ እየጎተተ ከትልቁ ሾላ ሥር አመጣት። የዚያ አገር እንስሳት የሚዳኙት እዚያ ነው፤ ሽማግሌያቸውም ኤሊ ነው።

ኤሊ ግን አልታየም። ጃርት «ምን ዓይነት ዘገምተኛ ሽማግሌ ነው» እያለ ግንዱ ፊት ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠ። ሲደክመው ቁጭ አለ። ከላይ ቅጠሉ በነፋስ ይንሿሿል፤ መሬቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንድ የበሰለ ሾላ ጠብ ሲል ጦጣ አንስታ ለሁለት ገመሰችና አቀበለችው። ሳያስበው ተቀብሎ በላ። ቆይቶ አንዲት ወፍ መጥታ ጀርባው ላይ አረፈች። እሾሁ መተኛቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኤሊ ከግንዱ ጀርባ ብቅ አለ። «እስቲ ልጄ፣ ክስህን አሰማኝ።»

ጃርት ጦጣን አየት አደረጋት። «ድንቼን በልታብኝ ነበር።»

«የከርሞውን እኔ እቆፍርለታለሁ» አለች ጦጣ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ይሁን» አለ ጃርት። «ግን አያ ኤሊ፣ ምነው ይህን ያህል ቆዩ?»

«ኧረ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ከግንዱ ጀርባ ነበርኩ» አለው ኤሊ፣ የድንጋይ ልብሱ ላይ የረገፈውን ቅጠል እያራገፈ።

ተረቴን መልሱ፤ ከጥላው ግን አትነሱ።