እስቲ እኔን ክሰሺኝ

የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ክስ ያስጽፋል። ይህን ሊያለማምዱን የመጡት ስመ ጥሩ ጠበቃ አቶ ወንድይፍራው ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ያወሩልን ያሸነፏቸውን ክርክሮች ነው።

አንድ ቀን፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደረውን ተማሪ አስነሡና፣ «የበር ላይ ጸሐፊ ደግሞ ጠበቃ ልትሆን! እስቲ እኔን ክሰሺኝ። መልስ ካገኘሁለት ከዚህ ክፍል ትወጫለሽ» አሏት።

ጻፈችና አነበበች፦ «ተከሳሽ ክስ መጻፍ ሊያስተምሩን ቃል ገብተው እስካሁን አንዲት መስመር ጽፈው አላሳዩንም፤ ምክንያቱም መጻፍ አይችሉም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወንድይፍራው በንዴት ጦፈው፣ «ውሸት ነው! መልሱን ነገ ጸሐፊዬ ጽፋ ታመጣልሻለች» አሉ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ምስክር ልቆጥር ነበር፤ እርስዎው አምነው ገላገሉኝ።»