አያ ጅቦ ሥጋውን የከተተበት ኩሬ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ፊቱን ባዞረበት ዓመት፣ በአንድ ቆላ ሸለቆ የቀረው ውሃ አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። አንበሳውም፣ አህያዋም፣ ቀበሮዋም ከዚያው ይጠጣሉ፤ ሌላ የለማ! አንበሳው ራሱ «በኩሬው ዳር መብላትም መበላትም ክልክል ነው» ብሎ አውጇል። አያ ጅቦን ግን የሚያስጨንቀው ውሃው አልነበረም። የሚያስጨንቀው ነገ የሚበላው ነው። ጠግቦ እያገሳም ስለ ነገ ያስባል፤ እንዲያውም ሲጠግብ ይብስበታል።

አንድ ማለዳ በድርቅ የሞተ ጎሽ አገኘ። በላ፣ በላ፣ ሆዱ እስኪወጠር በላ። ግማሹ ተረፈ። ያን ጊዜ ጭንቀቱ ተነሣበት። «ጥንብ አንሣ ቢያየውስ? ጉንዳን ቢወርረውስ?» እያለ ሥጋውን ሲዞረው እመት ቀበሮ ደረሰች።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ጠግበህም ትጨነቃለህ?»

«እንዴት አልጨነቅ! የት ላድርገው?»

እመት ቀበሮ ዓይኗን ጉበቱ ላይ ጥላ ነበር። «ምክር በነፃ አይገኝም። ጉበቱን ስጠኝና ልንገርህ» አለችው። ሰጣት። ዋጥ አደረገችና፣ «ኩሬው ውስጥ ክተተው። ጥንብ አንሣ አይጠልቅ፣ ጉንዳን አይዋኝ!» አለችው።

ውሃውስ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ለአያ ጅቦ አልመጣለትም። ለእሷ መጥቶላታል፤ ግን ምን ቸገራት? ከገደሉ ሥር ጠብ ጠብ የምትል ምንጭ ለብቻዋ ደብቃለች።

አያ ጅቦ ጎሹን እየጎተተ ወስዶ ኩሬው ውስጥ ከተተው። በማግስቱ የሞተ ከርከሮ አገኘና እሱንም ጨመረ። ከዚያ ሚዳቋ። «ይኼ ለክፉ ቀን ነው» እያለ አንዱንም አልቀመሰም።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው አረንጓዴ ለበሰ፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። እናት አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። ውርንጭላው አንዴ ጎንጨት አለና ተፋው። በጥም ዝሎ ሲወድቅባት እናቲቱ ጅብን ብትፈራም ከማዶ ሆና ጮኸች።

«አያ ጅቦ፣ በፈጠረህ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ሥጋህን አውጣልን!»

«እኔ ውሃችሁን መች ነካሁ? ያስቀመጥኩት ሥጋዬን ነው።»

«ውሃው እኮ ሸተተ!»

«ሥጋዬን ያገማው ውሃው ቢሆንስ?» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ።

ቢቆጣም ፈርቷል። ሥጋውን ቢያወጣው ጉንዳን አለ፤ ቢተወው እንስሳቱ ሊነሡበት ነው። ሲጨንቀው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሌላ በድን ጎትቶ ጨመረበት።

አንበሳው መጥቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ከቆየን አንድም አንተርፍም። ተነሡ፣ ተራራውን እንሻገር» አለ። ሁሉም ተነሣ። ውርንጭላውም እየወደቀ እየተነሣ ተከተለ።

«ሌባው ሁሉ ሄደልኝ!» አለ አያ ጅቦ። ደስታው ግን አልከረመም። የወፍ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ፀጥታው አስፈራው፤ ሲፈራ ደግሞ ይርበዋል። ከኩሬው አንድ እግር ቢጎትት ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ወደቀ። ጅብ ነውና በላው። ከበላ በኋላ ጠማው። ጠጣና አስመለሰው። ደግሞ ቢጠጣ ሆዱን ቆረጠው። ምክር ፍለጋ ወደ እመት ቀበሮ ጉድጓድ ሮጠ፤ ባዶ ነው። የደበቀቻት ምንጭ ደርቃባት እሷም ከሌሎቹ ጋር ተሰድዳለች።

«ወይኔ! ይኼ ሁሉ ሥጋ እያለኝ በውሃ ጥም ልሙት?» ብሎ ዱካቸውን ተከተለ። ተራራውን ሲሻገር ምላሱ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር።

ከተራራው ባሻገር እንስሳቱ አንዲት ትንሽ ጥሩ ምንጭ ከብበው ቆመዋል። ሲያዩት መንገድ ዘጉበት።

«ስለ ነፍስ ብላችሁ! አንድ ጉንጭ ብቻ!» ብሎ ወደቀ።

አንበሳው ወደ አህያዋ ዞረ። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

አህያዋ ውርንጭላዋን አየችው። ገና አላገገመም። ልቧ «አይሆንም» ቢላትም፣ «ጥሙን አይቼዋለሁ፤ ለጠላትም አልመኘው። ይጠጣ» አለች።

አያ ጅቦ ጠጣ። ውሃው ጉሮሮውን ሲያርሰው እንባው መጣ። ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ ሲሞላ ቀና አለ፤ ሆዱ ሲሞላ ያ ጭንቀቱ ተመለሰ። ዙሪያውን ቃኘ። እግሩን ምንጩ ውስጥ ነከር አድርጎ፣

«ወይ መቀዝቀዝ!» አለ። «ይኼስ ሥጋ ያቆያል!»

አህያዋ ውርንጭላዋን ወደ ጎኗ አስጠጋች። አንበሳው ተነሣ። አያ ጅቦ ለምን እንደሚያባርሩት ሳይገባው ሮጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለነገ እያለ የዛሬውን ውሃ የሚያበላሽ ለነገ የሚያተርፈው ጥማትን ብቻ መሆኑን ነው።